ጸበል ያልደረሳቸው ሠላሳ አራት ቁጥቋጦዎች

ባለፈው ኦክቶበር ጡረታ ወጣሁ። ያስወጣኝ ጉልበቴ ነው፤ እኔ ልውጣ አላልኩም። የሠራሁበት የችግኝ ማፍያ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩበት። ሰዎቹ ኬክ ቆረሱ፣ ኮፍያ ሰጡኝ፣ ፎቶ ተነሳን። ኮፍያው ጠበበኝ፤ ለልጅ ልጄ ሰጠሁት።

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ደግሞ የሽማግሌዎችን የሥራ ታሪክ ሰብስበው መጽሔት ሊያወጡ ነው። «ጋሽ ደምሴ፣ የበሩን አትክልት የተከሉት እርስዎ ነዎት፤ የተአምሩን ነገር ይጻፉልን» አሉኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፣ እሱንም በመሠረተ ትምህርት። እጄ መቀስ እንጂ እስክርቢቶ አልለመደም። ልጄ እኔ ልጻፍልህ አለችኝ፣ እምቢ አልኳት። እሷ ስትጽፍ ታሳምራለች፤ ይሄ ነገር ደግሞ እንዲያምር አልፈልግም። ተአምር የሚሉትን እንደሆነው አድርጌ እጽፋለሁ። የማይጥመው ገጹን ይለፈው።

የተወለድኩት ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ብርድ አገር ነው። አባቴ ባቄላ ይዘራ ነበር። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ሲወርድ ወንዝ ዳር ያለው እርጥብ ማሳ ይቃጠላል፣ ተረተሩ ላይ ያለው ደረቅ ማሳ ይተርፋል። አባቴ «ውርጭ እርጥብ ይወዳል» ይል ነበር። ይሄን ቃል ያዙልኝ። ኋላ ያዋረደኝ እሱ ነው።

ካደግኩ በኋላ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የፈረንጅ ጽድ አጥር መከርከም ነበር። ገመድ ወጥሬ በገመዱ ልክ እቆርጣለሁ። አጥሬን ያየ ሰው ግንበኛ የሠራው ይመስለዋል። ጽድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ከያዘ በኋላ ውሃ አምጡልኝ አይልም። ስለዚህ ቅጠሉን የማያረግፍ ተክል ሁሉ እንደ ጽድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው አንድ ነገር አጥርቶ ሲያውቅ ሌላውንም ያወቀ ይመስለዋል።

ዲቪው የደረሰው ለሚስቴ ነው። ዴንቨር ስንመጣ መጀመሪያ ኤርፖርት ወለል አጸዳሁ። አለቃዬ ሰዓት የምታከብር ሴት ነበረች፤ እኔም ስለማከብር አልተጣላንም። ቀጥሎ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ የሒሳብ መቀበያ ሣጥን ውስጥ ተቀመጥኩ። ቁጭ ብሎ መዋል አልሆነልኝም፣ በስምንተኛው ወር ለቀቅኩ። ከዚያ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር አዲስ ቤቶች ሲሠሩ የቤቶቹን ደጅ አትክልት የሚተክል ካምፓኒ ገባሁ። የዚያ አለቃ ቀኑን ሙሉ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ቆፍር፣ ጣል፣ አልብስ፣ ቀጥል። ሥሩ በበቀለበት የላስቲክ ማሰሮ ውስጥ እንደ ገመድ የተጠመጠመ ችግኝ ሳንፈታው እንቀብር ነበር። ቤቱ እስኪሸጥ አረንጓዴ ከሆነ በቃው። በዓመቱ በዚያ ሰፈር ሳልፍ እኔ የተከልኳቸው ደርቀው፣ አንዲት ሴት በአካፋ ስትነቅላቸው አየሁ። መኪናዬን ስሎው አላደረግኩም። አለፍኩ። ደመወዙን አልጽፍም፤ ኖርንበት።

ለካምፓኒው ችግኝ ጭነው የሚመጡ አንድ ሰው ነበሩ። ጋሽ ተስፋልደት ይባላሉ። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣሉ። አንድ ቀን ችግኙን በግንዱ አንጠልጥዬ ከመኪና ሳወርድ አዩኝ።

«ልጅህን በፀጉሩ ነው የምትሸከመው?» አሉኝ።

ችግኙን በማሰሮው አቅፌ አወረድኩት። በሳምንቱ እሳቸው የሚሠሩበት የችግኝ ማፍያ ሥራ ገባሁ።

የችግኝ ማፍያው ባለቤት ዴል የሚባል ረጅም ሰው ነው። አያወራም። የሠራኸው ካማረው በሁለት ጣቱ የኮፍያውን ጫፍ ይነካል፤ ካላማረው ዝም ብሎ ያልፍሃል። እኔና ጋሽ ተስፋልደት የያዝነው ማባዣ ቤቱን ነበር። በላስቲክ የተሸፈነ ረጅም ቤት ነው፣ ከቅርንጫፍ ችግኝ የሚወጣበት።

እዚያ ነው ኢዎኒመስ ከሚባለው ቁጥቋጦ ጋር የተዋወቅነው። ቁመቱ ጉልበት አይደርስም። ቅጠሉ መሐሉ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቢጫ ነው። ብርድ ሲመጣ ቀላ ይላል እንጂ አይረግፍም። እዚህ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ሣሩም ዛፉም የካርቶን ቀለም ሲሆን እሱ ቀለሙን ይዞ ይቆማል። ስሙ ለአፌ ስላልተመቸኝ ወርቄ አልኩት። ቆይቶ ሜክሲኮዎቹ ሠራተኞችም ወርቄ ይሉት ጀመር።

ወርቄን ከዘር ብታወጣው ቢጫውን ይረሳል። ከቅርንጫፍ ነው የሚባዛው። ጁላይ ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ የዚያን ዓመት ለጋ ቅርንጫፍ በእርሳስ ግማሽ ርዝመት ትቆርጣለህ። ከአንጓው ልክ ሥር ነው የሚቆረጠው፤ ሥር የሚያወጣው አንጓው ነውና። የታችኛውን ቅጠል ታነሳለህ፣ ከላይ ሁለት ጥንድ ትተዋለህ፣ ጫፉን የሥር ማብቀያ ዱቄት ነካ ታደርገውና በነጩ ቀላል ጠጠር ውስጥ ትተክለዋለህ። ላዩ ላይ እንደ ጉም ያለ ውሃ ይነፋበታል። በአምስተኛው ሳምንት በሁለት ጣት ይዘህ ሳብ ታደርገዋለህ። እምቢ ካለህ ሥር ይዟል።

ጋሽ ተስፋልደት ከቀትር በኋላ ቅርንጫፍ አይቆርጡም። የቆረጡትን በእርጥብ ጋዜጣ ይጠቀልሉታል። ከአንዱ እናት ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ሲሄዱ መቀሱን በአልኮል ይጠርጋሉ፣ በሽታ እግር የለውም በመቀስ ነው የሚሄድ ይላሉ። ያነሱትን ቅጠል መሬት አይጥሉም፣ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። አንድ ትሪ እስኪሞላ ድረስ አይናገሩም። ምሳቸውን ቆመው ነው የሚበሉ፣ ከዚያ በፊት ግን እጃቸውን በሳሙና ሁለቴ ይታጠባሉ።

እጅ መታጠቡን ቀልድ መስሎኝ ነበር። በገባሁ በወሩ ከወርቄ ቀጥ ያለች እንጨት ቆርጬ መፋቂያ አደረግኳት። ጋሽ ተስፋልደት ከአፌ ነጠቁኝ።

«ይሄ ለዓይን ነው የተፈጠረው። ለአፍ አይደለም፣ መርዝ አለው።»

ዞር ሲሉልኝ ሌላ ቆረጥኩ። እልህ ነው። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ ሆዴን ይዤ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ጀርባዬን እየመቱልኝ «ጥርስህ ግን ጸድቷል?» አሉኝ።

ሌላም አለ። ወርቄ አንዳንዴ ቢጫ የሌለው፣ ፍጹም አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያወጣል። ያ ቅርንጫፍ ከሌላው ይፈጥናል፣ ይወፍራል። እኔ የበረታው ይሄ ነው ብዬ በአንድ መደብ ላይ ተውኩት። በሁለት ዓመት መደቡ ሁሉ ተራ አረንጓዴ ሆነ፣ ወርቁ ጠፋ። ዴል አየና አለፈኝ። ጋሽ ተስፋልደት ግን ቁጭ አድርገው አሳዩኝ። አረንጓዴው ሲወጣ ከመነሻው፣ ከግንዱ አጠገብ መንቀል ነው፤ ጫፉን ብቻ ከቆረጥክ ያው ይመለሳል።

የመጨረሻው ልማዳቸው ካቻቪቴ ነው። ክንድ የሚያህል፣ ቀይ እጀታ ያለው ካቻቪቴ ኋላ ኪሳቸው አይጠፋም። ብሎን ሲፈቱበት አይቼ አላውቅም። በብርዱ ወራት ውጭ ያሉት እናት ቁጥቋጦዎች ሥር መሬት ላይ ይሰኩታል። ዘልቆ ከገባ አፈሩ ውሃ አለው። ከቆመ ደርቋል፣ የውሃ ጎማ ጎትተው ያጠጣሉ። በጃንዩዋሪ ውሃ ሲያጠጡ ሳይ የሽማግሌ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ማባዣ ቤቱን ለእኔ አስረከቡኝ፣ ካቻቪቴውንም በእጄ አስያዙኝ። መኪናዬ ውስጥ የዕቃ ሣጥን ሥር ጣልኩት። ውጭ ያሉትንም እናት ቁጥቋጦዎች ያኔ ዴል ላስቲክ አልብሷቸው ውሃውን በሰዓት በሚከፈት ማሽን አድርጎት ነበርና ካቻቪቴ ማን ይፈልጋል አልኩ።

እንግዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልምጣ።

ሕንፃውን ሰበካው ሲገዛው ደጁ ባዶ ነበር፤ ነጭ ግድግዳ ወደ ደቡብ ይመለከታል፣ ከሥሩ ጠጠር። የበዓል ኮሚቴውን የምትመራው የሺ ናት። ሽማግሌዎችን በየቤታቸው የምትንከባከብ ሠራተኛ ነች፣ እናቷን ደግሞ ቶርንተን እቤቷ ታስታምማለች። ግቢው የሞተ ሰው ቤት መሰለ፣ አሥራ ሁለቱንም ወር ቀለም ያለው ነገር ይተከልልን አለችኝ። ማባዣ ቤት ወስጄ ወርቄን አሳየኋት። ጊዜው ብርድ ስለነበር ቅጠሉ ቀላ ብሏል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሌላ አልጠየቀችም፣ «ይሄ የእኛ ነው» አለች።

አርባ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፣ ዴልን አስፈቅጄ። ሦስት ዓመት አሳደግኳቸው። በየዓመቱ ማሰሮ ቀየርኩላቸው፣ አረንጓዴውን ነቀልኩላቸው፣ በቅጠሉ ጀርባ እንደ ነጭ ዱቄት የሚለጠፈውን ተባይ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩላቸው። በሴፕቴምበር ገመድ ወጥሬ፣ ሥራቸውን ፈትቼ፣ አርባውንም በግድግዳው ርዝመት ተከልኩ። ስድስቱ ከበሩ ጎን ጥግ ላይ ዋሉ፣ ሠላሳ አራቱ በተርታ። ምእመናኑ ከቅዳሴ ሲወጡ ቆመው አዩ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጋሽ ተስፋልደት እንዲያዩልኝ ከሚኖሩበት ከሌክውድ ጠርቻቸው ነበር። ተርታውን እስከ መጨረሻው ሄደው ተመለሱ። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ።

«ውሃው መቼ ይዘጋል?» አሉኝ።

«ኦክቶበር መጨረሻ። ቧንቧው እንዳይፈነዳ አየር ነፍተው ያደርቁታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይተኛሉ።»

«ቅጠል ይዞ የሚተኛ የለም፣ ደምሴ። ቅጠል ካለ ይጠጣል። ይሄ ግድግዳ ደግሞ ፀሐዩን እየመለሰ ይጠብሳቸዋል፤ ዘንድሮ ነው የተተከሉት፣ ሥራቸው ገና ሩቅ አልሄደም። በወር አንዴ፣ መሬቱ ያልጠነከረበት ሞቅ ያለ ቀን መርጠህ፣ ከቀትር በፊት በጎማ አጠጣቸው።»

«ውርጭ እርጥብ ይወዳል» አልኩ። «የአገሬን ብርድ እርስዎ አያውቁትም።»

«ያንተ አገር ውርጭ የሚመታው ዝቅ ያለውን ማሳ ነው። ብርድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። እርጥብ ስለሆነ አይደለም።»

የሺ እዚያው አጠገባችን ናት፣ ሌሎችም ቆመው ይሰማሉ። የአባቴን ቃል በሰው ፊት አፈረሱብኝ። ያኔ የተናገርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ጋሽ ተስፋልደት፣ እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል። ማባዣ ቤቱ አሁን የእኔ ነው።»

ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የሺን ለግብዣው አመስግነው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ አልደወልኩላቸውም፣ እሳቸውም አልደወሉም።

የዚያ ዓመት ብርድ ደረቅ ነበር። በረዶ ጣል አድርጎ በማግሥቱ ፀሐይ ይበላዋል። ነፋሱ ነው እንጂ የማያቋርጠው። እስከ ገና ወርቄዎቹ አማረባቸው፣ ቀላ ብለው ቆሙ። ጥምቀት ሲደርስ ቅጠሉ ትንሽ ተጠቀለለ፤ ብርድ ነው አልኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከጫፍ ጀምሮ ገለባ መሰለ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሠላሳ አራቱም ደረቁ። በእጅ ሲነኩ እንደ ደረቅ በርበሬ ይንኮሻኮሻሉ። ጥግ ያሉት ስድስቱ ግን ልክ እንደተተከሉ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም። ስድስቱ ያሉበት ጥግ ዲያቆኑ የተረፈውን ጸበል የሚያፈስበት ቦታ ነው። ጸበል እግር በሚረግጠው መሬት አይፈስም፤ ዲያቆኑም ከቁጥቋጦዎቹ ኋላ ያለውን ጥግ ማንም አይረግጠውም ብሎ በየእሑዱ ሁለት ባልዲ ያህል እዚያ ይደፋ ነበር። ምእመናኑ ይሄን ያውቃሉ። ስለዚህ ጸበል የነካቸው ዳኑ ተባለ። ሰው እየመጣ ይሳለማቸው ጀመር፣ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ያነሳቸዋል።

እኔ አንድ ማክሰኞ ብቻዬን ሄድኩ። ከዕቃው ሣጥን ሥር ካቻቪቴውን አወጣሁ። ከደረቁት ከመጀመሪያው ሥር ብሰካው ሲሚንቶ እንደነካ ቆመ። ሁለተኛው ሥር ያው። ሦስተኛው ሥር ያው። ሠላሳ አራቱንም በተርታ ሞከርኩ፣ የሚገባ የለም። ከስድስቱ ሥር ስሰካው እስከ እጀታው ገባ።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ውርጩ አንድ ዓይነት ነው፣ ግድግዳው አንድ ነው፣ እጄ አንድ ነው። ልዩነቱ ባልዲው ነው። ጸበሉ የተቀደሰ ነው፣ እሱን አልክድም፤ ግን ሠላሳ አራቱ የሞቱት በረከት ስላጡ አይደለም። ተጠምተው ነው። ያስጠማኋቸው እኔ ነኝ፣ አጠጣ ተብዬ።

አሁን የምጽፈውን ልጄም አታውቅም። ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ተአምሩ ተመቸኝ። ተአምር ካለ ደምሴ አላጠፋም፤ ጋሽ ተስፋልደትም ትክክል አልነበሩም። ሁለት እሑድ ዝም አልኩ። በሁለተኛው እሑድ ሰዎች «እጅዎ ይባረክ» ሲሉኝ አሜን አልኩ።

በሦስተኛው እሑድ ከቅዳሴ በፊት ስገባ የሺ ከስድስቱ አጠገብ ጎንበስ ብላ ቅጠል ትቀጥፋለች፣ ናፕኪን ላይ ታደርጋለች። ቅርንጫፎቹ ጫፍ ጫፋቸው ተቀጥፏል፤ እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም ማለት ነው።

«ለእናቴ ነው» አለችኝ። «ኩላሊቷ ደክሟል። ዛሬ አፍልቼ አጠጣታለሁ።»

«የሺ፣ አይፈላም ይሄ። መርዝ ነው» አልኳት።

«ጸበል ጠጥቶ ያደገ ቅጠል መርዝ ይሆናል? እርስዎ ጋሽ ደምሴ፣ በሰው እምነት አይግቡ» ብላ ናፕኪኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ስጪኝ አልኳት፣ እምቢ አለች። እሷስ ምን ታድርግ፤ ተአምር አይደለም ያላት ሰው የለም። እኔም ያለፈውን እሑድ አሜን ብያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ቅዳሴው አልገባኝም። ዓይኔ በሴቶች በኩል የሺ ጭን ላይ ባለው ቦርሳ ላይ ነው። ካልተናገርኩ ከሰዓት በኋላ ያቺ አሮጊት ያንን ትጠጣለች። ሌሎቹ የቀጠፉት የት እንደገባም አላውቅም። ከተናገርኩ ደግሞ የአርባውን ነገር ሁሉ በሰው ፊት መንገሬ ነው፤ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መተው አይቻልም። መርዝ ነው ብቻ ብል የሚሰማኝ የለም።

ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነበብ እጄን አነሳሁ። የንስሐ አባቴ ቀሲስ አዩኝ፣ ና አሉኝ። ማይክ ሰጡኝ፣ መለስኩላቸው፤ ድምፄ ይሰማል።

ንግግር አላውቅም። እንደመጣልኝ ነው የተናገርኩት። በሴፕቴምበር አንድ ሰው በብርድ ወራት አጠጣ ብሎኝ እምቢ ማለቴን ተናገርኩ። በካቻቪቴ እንደለካሁ ነገርኳቸው፤ ሠላሳ አራቱ ሥር እንደማይገባ፣ ስድስቱ ሥር እንደሚገባ። «ጸበሉ ውሃ ሆኖ ደረሰላቸው። ለሠላሳ አራቱ እኔ ውሃ ነፈግኳቸው። የሞቱት በእኔ ነው» አልኩ። ሰዉ ተንጫጫ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ተአምሩን ልታፈርስ ነው የመጣኸው?» አለኝ። እኔ ለማፍረስ አይደለም፣ ቅጠሉ እንዳይፈላ ነው የመጣሁት አልኩ። ከዚያ መፋቂያውን ነገርኳቸው። ጥርሴን ልፍቅ ብዬ ከላስቲክ ቤት ጀርባ ምን እንደሆንኩ፣ አንድም ሳልደብቅ። መጀመሪያ ሕፃናቱ ሳቁ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ። ቀሲስ እንኳ በመስቀላቸው አፋቸውን ከለሉ። ተአምሩን ሲሟገቱኝ የነበሩት፣ ለማስመለሴ ምስክር አልጠየቁኝም።

የሺ አልሳቀችም። ተነስታ ወጣች፣ ቦርሳዋን ይዛ።

ተከትያት ወጣሁ፤ ጉልበቴ አላፈጠነኝም። መኪናዋ ከፓርኪንጉ ወጥቶ ወደ ቶርንተን ሲታጠፍ አየሁት። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳችም።

ሰኞ ጠዋት የደረቁትን ልነቅል አካፋ ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ደረቅ ቁጥቋጦ ላይ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበት፣ ናፕኪን ተቀምጧል። ፈታሁት። አሥራ አንድ ቅጠል ነው፣ አንዱም ውሃ አልነካውም። የሺ ግን እስከ ፋሲካ ሰላም አላለችኝም።

ቀሲስ ቀኖና ሰጡኝ። ሰው ሁሉ ስግደት መስሎት ነበር።

«ስግደት ለጉልበትህ አይሆንም» አሉኝ። «ሰባት ዓመት፣ በብርዱ ወራት በየወሩ አንዴ፣ ደጁን ታጠጣለህ። ቧንቧው ዝግ ነው፤ ከቤትህ ይዘህ ትመጣለህ። ጸበሉ ደግሞ ከእንግዲህ በተርታ ለሁሉም ይዳረሳል።»

ከዚያ ሌክውድ ሄድኩ። ሳልደውል ነው የሄድኩት፤ ብደውል ምን እላለሁ። ጋሽ ተስፋልደት በሩን ከፈቱ፣ በእጄ አንድ ደረቅ ቁጥቋጦ ከነሥሩ ይዣለሁ። ሥሩን ገልበጥ አድርገው አዩት። ሥሩ ተፈትቶ ተዘርግቷል፣ ግን ከተተከለ ወዲህ ከአንድ ጣት አልፎ አልሄደም።

«ሰማሁ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«የኦሮራ ወሬ ሌክውድ ሲመጣ ትራፊክ አይዘውም።» ቁጥቋጦውን መለሱልኝ። «አፈታትህ ጥሩ ነው። ሥሩን በደንብ ፈትተኸው ነበር።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት አስቆሙኝ።

«ካቻቪቴው የት ነው?»

«ኋላ ኪሴ።»

«በል ግባ። ሻይ አለ።»

የጡረታውን ነገር እሳቸውም አላነሱት፣ እኔም አላነሳሁት። በዚያ ጁላይ ከስድስቱ ቅርንጫፍ ስንቆርጥ አብረን ነበርን። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው መቀሱን በአልኮል ይጠርጋሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ። የቆረጥነውን ወስደን ማባዣ ቤት ስንተክል ዴል በሩ ላይ ቆሞ አየን፣ ኮፍያውን ነካ። ዛሬ ደጁ ላይ ያሉት አዲሶቹ ሠላሳ አራት የእነዚያ የስድስቱ ልጆች ናቸው። ጋሽ ተስፋልደት ተርታው ሞልቶ አዩት። በኋላ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሰባቱ ዓመት ካለቀ ቆይቷል። ቀሲስ ፈትቼሃለሁ ብለውኛል። እኔ ግን ልማዱን አልተውኩም፣ ሽማግሌ ካልሠራ ይደርቃል።

ባለፈው ጃንዩዋሪ፣ ጡረታ ከወጣሁ የመጀመሪያው ብርድ ነው፣ አንድ ሞቅ ያለ ጠዋት ጄሪካኖቼን ጭኜ ሄድኩ። ሁለቱን እንዳወረድኩ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። መኪናው ላይ ተደግፌ ስቆም የሺ መጣች። እናቷ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረው ነው ያረፉት። ከመኪናዋ ኋላ ስድስት ጋሎን ውሃ አወረደች፣ ሳትጠይቀኝ ከዳር ጀምራ ታጠጣ ጀመር። አሁን እሷም ትችልበታለች፤ ግንዱ ላይ አትደፋም፣ ዙሪያውን ቀስ አድርጋ ነው።

ለአንዲት አዲስ መጤ፣ ከኋላዋ ለቆመች፣ እነዚህ በጸበል የዳኑት ናቸው ብላ ስትነግራት ሰማኋት። ልጅቷ ቅጠሉን ልትነካ እጇን ዘረጋች።

«አይቀጠፍም» አለቻት የሺ። «ያሳምማል። እሳቸው ቀምሰውታል።»

«ውሃ ነው ያዳናቸው» አልኩ እኔ መኪናው ላይ እንደተደገፍኩ።

«እርስዎ ውሃ ይበሉት» አለች ዞር ሳትል። «ይልቅ ይምጡና ይለኩ፣ በቅቷቸው እንደሆነ።»

እያነከስኩ ሄጄ ካቻቪቴውን ከመጨረሻው ሥር ሰካሁት። እስከ ቀዩ እጀታ ገባ።